የጋሽዬ ሸክላዎች፦ የማጽዳትና ወደ ፋይል የመገልበጥ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2

ጋሽዬ በመጨረሻ ሣጥኑን ሰጡኝ። ውስጡ በሙሉ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ትናንሽ ሸክላዎች ናቸው፤ በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን። አብዛኞቹ አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋና ፊሊፕስ ኢትዮጵያ የተባሉት አሳታሚዎች ያወጧቸው ናቸው። ከግማሽ በላዩ ሽፋን የለውም። ከአዲስ አበባ እዚህ አሜሪካ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እርስ በርስ እየተፋተጉ ነው የመጡት።

ጋሽዬ የአክስቴ ባል ናቸው። በወጣትነታቸው ውቤ በረሃ ቡና ቤት ነበራቸው። ስለዚህ እነዚህ ሸክላዎች የሥራ ዕቃ ነበሩ። ደንበኛ የወደደው ዘፈን በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይጠየቃል። ቢራ ይፈስበታል፣ የሲጋራ አመድ ይራገፍበታል። እንደገና ይጫወታል።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ለምን ትደክማለህ?» የሚሉኝ አሉ። ሁሉም የለም። ያለውም ብዙ ጊዜ ከካሴት ላይ የተቀዳ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ የጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ብዙ ዘፈን አድኗል። በዚያ በኩል በጥሩ ድምፅ የወጡትን ወደ ጎን አደርጋለሁ። እኔ የምጀምረው ከሌሎቹ ነው።

ጥቅምት 5

እጥበት። ሰው ይህን ሥራ ሲያስብ ቶሎ ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣል። እኔ ግን ጭረት ከሚመስለው ኮሽታ ብዙው ቆሻሻ ነው ባይ ነኝ። ቆሻሻ በውሃ ይለቃል። በሶፍትዌር ለማስለቀቅ መሞከር ዘፈኑንም አብሮ መፋቅ ነው።

የምጠቀምበት ድብልቅ፦ አራት እጅ ዲስቲልድ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። የቧንቧ ውሃ አልነካም፤ ሲደርቅ ቦዩ (ዘፈኑ የተቀረጸበት፣ መርፌው የሚሄድበት ቀጭን መስመር) ውስጥ ኖራ ይተዋል። በለስላሳ ብሩሽ የቦዩን ዙር ተከትዬ እሄዳለሁ፣ አቋርጬ አላሽም። መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ የፕላስቲክ ክዳን እደፋበታለሁ። ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ በማይክሮ ፋይበር ጨርቅ አደርቃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ የ78 ዙር ከባድና ተሰባሪ ሸክላ ካለ አልኮል አታስጠጉት። ያ ሸክላ ከሼላክ ነው የሚሠራው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል።

ከመጀመሪያዎቹ አጠባዎች የወጣው ውሃ ቡናማ ነው። ቢራውም አመዱም እዚያ አለ መሰለኝ።

ጥቅምት 9

ዛሬ የእንጨት ኮላ ሞከርኩ። ቀልድ አይደለም፣ የታወቀ ዘዴ ነው። ነጩን ኮላ ሸክላው ላይ ወፈር አድርጎ ማፍሰስ፣ ሌሊቱን ማድረቅ፣ ከዚያ እንደ አንድ ቆዳ ልጦ ማንሳት። ኮላው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ብሩሽ ያልደረሰበትን ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በገዛሁት፣ ማንም በማይፈልገው ሸክላ ላይ ነው። ሠራ። ከዚያ ከጋሽዬ ሣጥን በጣም የቆሸሹትን ብቻ አደረግኩ። ልጣጩ ሲነሳ ደስ ይላል። የቦዩ ቅርጽ ራሱ ላዩ ላይ ታትሞ ይወጣል። ግን ለሁሉም አልመክረውም። ኮላው ቀጭን ከሆነ ይበጣጠስና ቁርጥራጩ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ያኔ በውሃ መልሶ እያራሱ መልቀም ነው።

ጥቅምት 12

መርፌ። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

የሸክላ ቦይ ቅርጹ እንደ V ፊደል ነው። መርፌው ታች ወለሉን አይነካም፤ ሁለቱን ግድግዳዎች ተደግፎ ይሄዳል። በድሮው የሞኖ (የባለ አንድ ቻናል ድምፅ) ዘመን የመርፌ ጫፍ ውፍረት 25 ማይክሮን ግድም ነበር። ወፍራም ስለሆነ ከግድግዳው ላይኛው ክፍል ላይ ይቀመጣል። የቡና ቤቱ ማጫወቻ በከባድ ክንዱ ያን ከፍታ ሲፍቅ ኖሯል። የዛሬው የስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ሁለት ቻናል) መርፌ 18 ማይክሮን ግድም ነው። ቀጭን ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እዚያ ታች ደግሞ የቡና ቤቱ መርፌ ጨርሶ ያልነካው ግድግዳ አለ።

የሚገርመው ነገር በጆሮ ይሰማል። አንዳንዱ ሸክላ በዓይን ሲያዩት አለቀለት ያሰኛል። ላዩ ግራጫ ሆኗል። መርፌው ሲወርድበት ግን ጥርት ያለ ሳክስፎን ይወጣል። ስለዚህ ሸክላ በመልኩ አትፍረዱበት፣ አጫውቱት።

ሁለት መርፌ ነው ያለኝ፤ አንዱ ጫፉ ክብ፣ ሌላው ሞላላ። ሞላላው ቀጭን ድምፆችን አብልጦ ያነባል፤ ጉዳቱንም አብልጦ ያነባል። ለእያንዳንዱ ሸክላ በሁለቱም አንድ ደቂቃ ያህል ቀድቼ አወዳድራለሁ። የመርፌው ክብደት 2 ግራም ነው። አቅልዬ ባስቀምጠው ጭረቱ ላይ ሲደርስ ይዘላል።

ጥቅምት 16

ቅጂ ተጀመረ። 96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 የድምፅ ናሙና)፣ 24 ቢት። ለአሮጌ ሸክላ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ዘፈኑ ራሱ ያን ያህል ላይፈልግ ይችላል። ጭረቱ ግን ይፈልጋል። የጭረት ድምፅ በጣም አጭርና ሹል ነው። በከፍተኛ ናሙና ሲቀዳ ሹል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩም ከሙዚቃው ለይቶ ያገኘዋል። በዝቅተኛ ናሙና ሲቀዳ ይደበዝዝና ከሙዚቃው ጋር ይቀላቀላል።

የድምፁን ልክ ዝቅ አድርጌ ነው የምቀዳው፤ ከፍተኛው የዘፈኑ ቦታ ጣራው ከሆነው ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል ላይ ነው። ጭረት ከዘፈኑ በላይ ይጮኻል። ጣራውን ነክቶ ከተቆረጠ ቅርጹ ይበላሻል፣ ለመጠገንም ያስቸግራል።

ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው። ሆኖም በስቴሪዮ ነው የምቀዳቸው። የግራው ቻናል አንዱን የቦይ ግድግዳ ያነባል፣ የቀኙ ሌላውን። ጭረት ሁለቱን እኩል አይጎዳም። አንዱ ግድግዳ ላይ ቋ የሚለው ቦታ ሌላኛው ላይ ደህና የሆነበት ጊዜ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ወደ አንድ ስደምር ደግሞ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የፈጠረው ጩኸት እርስ በርሱ ይጣፋል። የሞኖ ዘፈን የተቀረጸው በጎን ለጎን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ አይነካም።

የአንድ አራት ደቂቃ ዘፈን ፋይል 138 ሜጋባይት ግድም ይይዛል። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ጨምቄ ሳስቀምጠው በጣም ይቀንሳል፣ ከድምፁ የሚጎድል ነገርም የለም።

ጥቅምት 22

ጭረት ማንሳት። የሥራው ትልቁ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ቀላል ሒሳብ ከፊት ላስቀድም። ባለ 45 ዙር ሸክላ አንዴ ለመዞር 1.33 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከጫፍ እስከ መሃል የተጫረ አንድ መስመር ካለ በየ1.33 ሰከንዱ አንድ «ቋ» ይሰማል። በአራት ደቂቃ ዘፈን 180 ጊዜ ማለት ነው። ለትልቁ ባለ 33 ዙር በየ1.8 ሰከንዱ ይሆናል።

ይህ ሒሳብ ሥራ ያቀልላል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ስፔክትሮግራሙን (ድምፁን በሥዕል የሚያሳየውን) ስከፍት ጭረቱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። አንዱን ካገኘሁ 1.33 ሰከንድ ወደፊት እዘልላለሁ። ቀጣዩ እዚያ ነው። ከበሮና ነፋስ መሣሪያ ሸፍነውት በጆሮ የማይለየው እንኳ በዚህ መንገድ ይገኛል።

ትንንሾቹን በእጅ «ሪፔር» በሚለው ትእዛዝ እጠግናለሁ። ትእዛዙ ከ128 ናሙና በላይ አይቀበልም። በ96 ኪሎኸርዝ 1.3 ሚሊሰከንድ ግድም መሆኑ ነው። ለብዙ ጭረት ይበቃል። ከዚያ ለሚረዝመው አንደኛውን ቻናል ዘግቼ በደህናው እሞላዋለሁ። ሁለቱም ከተጎዱ ድምፁን ዝቅ አደርግና አልፋለሁ።

አዝማቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ያለውን ቆርጦ የተጎዳው ቦታ ላይ መለጠፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ። አልወደውም። ዘፋኙ ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ አይዘፍንም፤ ያን ልዩነት ማጥፋት የእኔ ሥራ አይደለም።

ጥቅምት 25

አውቶማቲክ ጭረት ማንሻውን ከመለከት ጋር አፋጠጥኩት።

ችግሩ እንዲህ ነው። የመለከት ድምፅ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲታይ ተከታታይ ሹል ጫፎች ናቸው። የጭረትም ቅርጽ ሹል ጫፍ ነው። ማሽኑ ይሄኛው ጭረት፣ ያኛው መለከት ብሎ አይለይም። የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ባንዶች ደግሞ ያለ መለከትና ሳክስፎን አይታሰቡም። ጭብጨባም አለ። ጭብጨባ ለማሽኑ የለየለት ጭረት ነው።

ስለዚህ የምጠቀምበት ፈተና ይህ ነው፦ የጸዳውን ፋይል እገለብጠዋለሁ። ማለትም ከፍታውን ዝቅታ፣ ዝቅታውን ከፍታ አደርገዋለሁ። ከዚያ ከጥሬው ቅጂ ጋር እደምረዋለሁ። አንድ የሆነው ሁሉ ይጣፋል፤ የሚቀረው ማሽኑ ያወጣው ብቻ ነው። ያን አዳምጣለሁ። ቋ፣ ቋ፣ ኮሽ ብቻ ከተሰማ ጥሩ ነው። ከጀርባው መለከቱ በስሱ ሲዘፍን ከተሰማ ማሽኑ እየሰረቀኝ ነው። ያኔ ኃይሉን እቀንሳለሁ።

ሶፍትዌር ስታወዳድሩ ጊዜያችሁን በዚህ ፈተና ላይ አጥፉ። አይዞቶፕ አርኤክስ የተባለው ፕሮግራም የወጣውን ብቻ የሚያሰማ አማራጭ አለው። ነጻው ኦዳሲቲ በእጅ ያሠራል፤ ውጤቱ ያው ነው። ውድ ፕሮግራም ካለው ጆሮ የሌለው ሰው ነጻ ፕሮግራም ያለው ጆሮ ያለው ይሻላል።

የደረስኩበት አሠራር፦ ነፋስ መሣሪያ በሌለበት መግቢያና በክራር ቦታ አውቶማቲኩን እለቅቀዋለሁ። መለከቱ ሲገባ አቆመውና በእጅ እሄዳለሁ። ቀርፋፋ ነው። አንድ ዘፈን አንድ ማታ ይበላል።

ኅዳር 1

ፍጥነት። ከሸክላዎቹ አንዱ ስሰማው ፈጠን፣ ቀጠን ያለ መሰለኝ። ጋሽዬ ደግሞ «እንዲህ ነበር» ይላሉ። ማን ይዳኝ?

እዚህ ላይ አሜሪካ መኖር ጠቀመኝ። የአሜሪካ መብራት በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው፣ የኢትዮጵያ በ50። የእኔ ዕቃዎች የሚያመጡት የመብራት እምታ (ከኤሌክትሪኩ ወደ ቅጂው የሚገባው «እምም» የሚል ድምፅ) 60፣ 120፣ 180 ላይ ይቆማል። አዲስ አበባ የተቀዳ ቴፕ ላይ የገባ እምታ ካለ ግን 50፣ 100፣ 150 ላይ መታየት አለበት። ስለዚህ የእኔን ከእነሱ መለየት እችላለሁ።

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ቴፑ ተከፍቶ ባንዱ ዝም ያለበት ሁለት ሰከንድ ያህል አለ። ያን ብቻ መርጬ ስፔክትረሙን አየሁ። 150 ላይ መሆን የነበረበት ጫፍ 154 ግድም ላይ ቁጭ ብሏል። ከ2 በመቶ በላይ ፈጥኗል ማለት ነው። የእኔ ማጫወቻ በኳርትዝ የሚቆጣጠር ስለሆነ፣ በሌሎቹ ሸክላዎችም ትክክል ስለሚሄድ ፍጥነቱ የመጣው ከዚያው ከቅጂው ወይም ከቀረጻው ነው። በኮምፒውተር ወደ 150 መለስኩት። የዘፋኙ ድምፅ ደልደል አለ።

ጋሽዬ ሰሙት። «እኔ የማውቀው ያንን ነው» አሉ፣ የፈጠነውን ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው፤ ቡና ቤታቸው ውስጥ ሲሰሙ የኖሩት ያንኑ ሸክላ ነው። ሁለቱንም አስቀምጫለሁ።

ኅዳር 7

የሚደግመው ሸክላ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌው ወደ ኋላ ይመለስና ያንኑ ስንኝ ይደጋግማል።

መጀመሪያ በወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር አየሁት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንዳንዴ የደረቀ ቆሻሻ ብቻ ይገኛል፤ በእርጥብ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ይነሳል። ይሄኛው ግን እውነተኛ ጭረት ነው። የሁለት ቦይ ግድግዳ ፈርሷል።

የሠራው ዘዴ ፍጥነት መቀነስ ነው። ባለ 45ቱን በ33 አጫወትኩት። መርፌው ሲዘገም ጭረቱ አይወረውረውም፣ መንገዱን ይዞ ያልፋል። ከዚያ በኮምፒውተር በ1.35 ማፍጠን።

ግን አንድ እንቅፋት አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ሲጫወት ፕሪአምፑ (ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ) ይህን ይገለብጠዋል። ልኩ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባለው መስፈርት የተወሰነ ነው። በ33 ሳጫውት 1,000 ኸርዝ የነበረው ድምፅ 741 ሆኖ ወደ ፕሪአምፑ ይገባል፣ የሚደረግለትም እርማት የ741ኛው ነው። ስለዚህ አፍጥኜ ስመልሰው ቃናው ይዛባል። ቁራጩ ከሰከንድ በታች ስለሆነ በኢኳላይዘር ከግራ ቀኙ ጋር አስማማሁት። ሙሉ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ያለ ፕሪአምፑ እርማት በጥሬው ቀድቶ፣ ካፈጠኑ በኋላ አርአይኤኤውን በሶፍትዌር መስጠት ነው የሚያዋጣው።

ስንኙ አሁን አንዴ ብቻ ይሰማል።

ኅዳር 12

ሹሹታ። ይሄ ከጭረት የተለየ ነው። ያለማቋረጥ ከሥር የሚሰማው የፕላስቲኩና የቴፑ ትንፋሽ ነው።

ኦዳሲቲ ዘፈን ከሌለበት ቦታ የሹሹታውን ናሙና ይወስድና ከሙሉው ላይ ይቀንሳል። 6 ዴሲቤል ስቀንስ ሹሹታው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። 12 እና ከዚያ በላይ ስቀንስ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ዓይነት ድምፅ ይመጣል፤ የማሲንቆው ክር ላይ በተለይ። ማሲንቆ ራሱ የፈረስ ፀጉር በፈረስ ፀጉር ላይ ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ ግማሹ ሹሹታ ነው። ማሽኑ እሱንም ይወስደዋል።

ለጋሽዬ ሦስት ቅጂ አሰማኋቸው፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያልተነካው፣ በ6 የተቀነሰው፣ በ18 የተቀነሰው። ሦስተኛው ሲመጣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ሰውዬ የት ሆኖ ነው የሚዘፍነው? ቁም ሣጥን ውስጥ?»

ልክ ናቸው። ከሹሹታው ጋር የክፍሉ ገደል ማሚቶም ተጠርጓል። ሁለተኛውን መረጡ። ከዚህ በኋላ ከ6 አላልፍም፤ የዋሽንትና የማሲንቆ ዘፈኖችን ጨርሶ አልነካም።

ኅዳር 20

ስም መስጠት። አሰልቺ ነው፣ ግን ያለዚህ ሁሉም «ትራክ 01» ሆኖ ይቀራል።

የአማርኛ ስም ላይ አንድ ጣጣ አለ። ሸክላው ላይ በ«ሠ» የተጻፈውን እኔ በ«ሰ» ስፈልገው አይገኝም። «ሐ» እና «ኀ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ርእሱን በሸክላው ላይ እንዳለ እጽፋለሁ፤ ማስታወሻ ቦታው ላይ ደግሞ ቀለል ያለውን አጻጻፍ እደግማለሁ። የሸክላውን ሁለት ፊት ፎቶ አነሳለሁ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ክብ ላይ የተጫረውን ቁጥርም እመዘግባለሁ። መሃሉ ያለው ወረቀት የተላጠ ሸክላ መለያው እሱ ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረት ብዙዎቹ ላይ የለም። ታሪኩ ግን ወሰን ይሰጣል። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ያን ሳይጠብቅ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የራሱን ጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹንም ሕንድ አሳተመ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) አገር ለቅቆ ወጣ። ስለዚህ የአምሃ ምልክት ያለበት ሸክላ በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ፋይሉ ላይ «1969–1975 እ.ኤ.አ.» ብዬ እጽፋለሁ፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም «ዓ.ም.» እጨምራለሁ። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ዘፈን በሰባት ስምንት ዓመት አሳስተዋል።

ጋሽዬ ስለየዘፈኑ የሚያወሩትን በስልኬ እየቀዳሁ ነው። ማን ሳክስፎን እንደነፋ፣ የቱ ዘፈን ሲመጣ ማን ተነስቶ ይጨፍር እንደነበር። ትዝታ ስለሆነ ከዘፈኑ መረጃ ጋር አልደባልቀውም፣ ለብቻው ፋይል አለው።

ኅዳር 26

ጥሬው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጧል፤ የጸዳው ለብቻው። አንድ ግልባጭ እዚህ፣ አንድ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ። የዛሬ አሥር ዓመት የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ ከጥሬው ይጀመራል። ለቤተሰብ ነው የሚሰጠው። ዘፈኖቹ ባለቤት አላቸው፣ ኢንተርኔት ላይ አልጭናቸውም።

የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንዱ ተጣሟል፤ በሁለት መስታወት መካከል ከባድ መጽሐፍ ጭኜበታለሁ። ሌላው ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ብሎ ነው የተበሳው። ሲዞር ክንዱ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ድምፁም በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። መድኃኒቱ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ትንሽ ማስፋትና ክንዱ መወዛወዝ እስኪያቆም ድረስ ሸክላውን እየገፉ መሃል ማስያዝ ነው። የሰው ንብረት ስለሆነ መሞረድ ከብዶኝ ጋሽዬን ጠየቅኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት ሲያንገጫግጨኝ የኖረ ነው» አሉ። «ሞርደው!»

ሞረዱን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ እንሞክራለን።